ባይፖላር አለብኝ፣ የማታ ሰው ነኝ፤ የግድ በ4 ሰዓት መተኛት አለብኝ?

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ መቅረጽና ኤዲት ማድረግ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥር መጨረሻ ታመምኩ። ለቀናት ሳልተኛ፣ ሳይደክመኝ፣ ሁሉ ነገር የሚሳካልኝ መስሎኝ ስሮጥ ሰነበትኩ። የእናቴን የዕቁብ ብር ሳይቀር ለማይረባ ዕቃ ጨረስኩት። በመጨረሻ ሆስፒታል ገባሁና ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሳበት፣ አንዴ የሚወድቅበት ሕመም) ነው ተባልኩ። አሁን ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ማታ ማታ ደግሞ ኦላንዛፒን እወስዳለሁ። ደህና ነኝ።

ችግሬ እንቅልፍ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማታ ሰው ነኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኝቼ ረፋድ 5 ሰዓት እነሳለሁ። ሥራ የሚገባልኝ ሌሊት ነው። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅልም ርካሽ ነው። ሐኪሜ ማታ በ4 ሰዓት ተኛ አለኝ። ሞከርኩ፤ ኮርኒስ ሳይ አመሸሁ እንጂ አልተኛሁም። እናቴ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጋረጃ ትከፍትና ‹ሰው ሥራ ገብቷል፣ አንተ ተጋድመሃል› ትለኛለች። በሽታው ነው ወይስ እውነትም ስንፍና ነው? ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ሲኖር እኮ ጭራሽ ሳልተኛ ሄጄ ቀኑን ሙሉ እቀርጻለሁ። ምንም አልሆንም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ኪኒኑ ጠዋት ስለሚያደነዝዘኝ የሠርግ ዋዜማ እዘለዋለሁ። ቀጣዩ የሠርግ ሰሞን ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የሐኪም ቀጠሮዬ ደግሞ በመጋቢት። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ስንፍናውን በቶሎ እንዝጋው። ሰነፍ አይደለህም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት የተኛ ሰው የተኛው ስምንት ሰዓት ነው። እናትህ ማታ በ3 ሰዓት ተኝተው ንጋት 11 ሰዓት ቢነሱ እሳቸውም የሚተኙት ስምንት ሰዓት ነው።

የማታ ሰው መሆን የጠባይ ጉዳይ አይደለም። አንጎላችን ውስጥ፣ ከሁለቱ ዓይን የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ሌትና ቀንን የሚቆጥር ትንሽ ክፍል አለ። መቼ እንቅልፍ እንደሚመጣህ፣ መቼ እንደምትነቃ፣ የሰውነትህ ሙቀት መቼ ከፍና ዝቅ እንደሚል የሚያዘው እሱ ነው። ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የሚባሉ አሜሪካውያን ይህ የሰውነት ሰዓት በጂኖች እንዴት እንደሚሠራ በትንንሽ ዝንቦች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሰዓቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከፊሉም በዘር የሚወረስ ነው። ዕድሜም ይቀይረዋል። በሃያ ዓመት ገደማ በጣም ያመሻል፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ጠዋት ይመጣል። አንተና እናትህ በየጠዋቱ የምትጨቃጨቁት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባይፖላር ካለባቸው ሰዎች መካከል የማታ ሰው የሆነው ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። ይህ በብዙ ጥናት ተደጋግሞ የታየ ነው። ስለዚህ አንተ ልዩ ፍጥረት አይደለህም። በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ከ200 ሰው አንዱ ገደማ በሕይወቱ ውስጥ ባይፖላር ይዞት እንደሚያውቅ ታውቋል። ከእነሱ ስንቱ ቤት ውስጥ «ተነስ፣ አትጋደም» እየተባለ ይሆን!

አሁን ወደ ሐኪምህ ምክር። በ4 ሰዓት ተኛ ያለህ ሰው የፈለገው ነገር ትክክል ነው። ሰዓቱ ግን ላንተ ሩቅ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንቅልፍ የለመደ ሰውነት በ4 ሰዓት ገና ለመተኛት አልተዘጋጀም። አልጋ ላይ መገላበጥ ብቻ ነው የሚተርፍህ። ይህን ለሐኪምህ መንገር አለብህ። «ሞክሬ አልቻልኩም» ሳትል ዝም ካልከው ምክሩ የሠራ ይመስለዋል።

ሐኪምህ የፈለገው ሥርዓት ነው። በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤለን ፍራንክ የምትባል ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር ባይፖላር ላለባቸው ሰዎች ከመድኃኒት ጎን የሚሰጥ የንግግር ሕክምና አዘጋጅታ ነበር። ትልቁ ሐሳቡ የቀኑን ውሎ ማረጋጋት ነው። ታካሚዎቹ በየቀኑ አምስት ነገር ይመዘግባሉ፦ ከአልጋ የወጡበት፣ መጀመሪያ ከሰው ጋር የተገናኙበት፣ ሥራ የጀመሩበት፣ እራት የበሉበትና ወደ አልጋ የገቡበት ሰዓት። 175 ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ጥናት፣ ሕመሙ ባገረሸበት ወቅት ይህን ሕክምና ያገኙት ሰዎች በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሌላ ዙር ሳይነሳባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል። ልብ በል፣ ከአምስቱ ነገሮች አንዱም «በ4 ሰዓት ተኛ» አይልም። የሚጠይቀው ዛሬ ያደረግከውን ነገም በዚያው ሰዓት እንድታደርገው ነው።

እዚህ ላይ ነው ደብዳቤህ ያስፈራኝ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትተኛበት ሰዓት ያመሻል እንጂ የተስተካከለ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ይፈርሳል። የሠርግ ቀን እንዴት እንደሚጀምር አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ንጋት 11 ሰዓት ሙሽራዋ የምትዋብበት ሳሎን ካሜራ ይዘህ ትቆማለህ። ከዚያ ሙሽራው ቤት፣ ከዚያ ሚዜዎቹ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የፎቶ ፕሮግራም፣ አዳራሽ። በማግስቱ ደግሞ መልስ አለ። በ9 ሰዓት የሚተኛ ሰው 11 ሰዓት ሳሎን ለመድረስ ጭራሽ ባይተኛ ይቀለዋል። አንተም የምታደርገው ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ በዚያች ሌሊት መድኃኒቱን ትዘላለህ።

ቀጥለህ «ምንም አልሆንም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል» ብለሃል። ይህችን አረፍተ ነገር ለሐኪምህ በቃልህ እንዳለች ንገረው። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው በማግስቱ ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል፣ ይነጫነጫል፣ ጥግ ሲያገኝ ያሸልባል። ባይፖላር ያለበት ሰው ሳይተኛ አድሮ ከበፊቱ የበለጠ ብሩህ ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእንቅልፍ እጦት ስሜትን ወደ ላይ እንደሚያነሳ ሐኪሞች ከድሮም ያውቃሉ። ድባቴ ያለባቸውን ታካሚዎች አንድ ሌሊት ሆን ብለው እንዳይተኙ በማድረግ የሚያክሙበት ጊዜ አለ። ባይፖላር ያለባቸው አንዳንዶቹ ግን በዚያው ወደ ማኒያ፣ አንተ ያኔ ሳትተኛ ሳይደክምህ ወደሮጥክበት ዓይነት ከልክ ያለፈ ስሜት፣ ያልፋሉ። እንቅልፍ ማጣት የማኒያ ምልክት ነው፤ ማኒያውን የሚጠራውም እሱ ነው። አንዱ ሌላውን እያቀጣጠለ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰውን ከመስመር ያወጣዋል።

መጀመሪያ የታመምኩት በጥር መጨረሻ ነው ብለሃል። ለሠርግ ቀራጭ ጥር ምን ማለት ነው? ጾም ሳይገባ ሁሉም ለማግባት የሚሽቀዳደምበት ወር ነው። ከመታመምህ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስንት ሠርግ ነበረህ? ስንቱን ሌሊት ሳትተኛ አደርክ? ሕመሙ ራሱ ነው እንቅልፍህን የወሰደው ወይስ ሥራው ቀድሞ ወሰደውና ሕመሙ ተከተለ? እኔ ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። አንተ ግን የድሮ የሥራ መዝገብህን፣ የቀረጽካቸውን ፋይሎች ቀን ማየት ትችላለህ። ካርዱ ላይ ቀኑ ተጽፏል። ቁጭ ብለህ ቁጠረውና ለሐኪምህ ወስደህ አሳየው።

መድኃኒቱን ስለመዝለል ደግሞ። ጠዋት መደንዘዙ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ይቸገርበታል። ግን መፍትሔ አለው። ኦላንዛፒን ከተዋጠ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው ደም ውስጥ ከፍ የሚለው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከዋጥከው ከፍ የሚለው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው፤ የሠርግ ቀን ከሆነ ልክ ሥራ ላይ ስትሆን። ማታ ከእራት ጋር፣ በ2 ሰዓት ቢወሰድስ? ይህን ሐኪምህን ጠይቀው። በራስህ አትቀይረው፣ አትቀንሰው። እስከ ቀጠሮው ድረስ ግን አንዲትም ሌሊት አትዝለል።

ታዲያ የሌሊት ሕይወትህን ትተው ማለቴ ነው? አይደለም። የሌሊት ጸጥታ ለሥራህ ምን ያህል እንደሚጠቅምህ ገብቶኛል፤ ካንተ ላይ ልወስደውም አልፈልግም። ትንሽ እናስጠጋው ነው የምልህ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝተህ ጠዋት 3 ሰዓት ብትነሳ ያው የማታ ሰው ነህ። ስምንት ሰዓትህም አልተነካም። ዋናው ሰባቱንም ቀን እንደዚያው መሆኑ ነው፤ እሑድም፣ በዓልም።

ጀምር ስልህ ከመነሻህ ነው የምትጀምረው። እንቅልፍ ና ስላልከው አይመጣም፣ ከአልጋ መውጣት ግን በእጅህ ነው። በየአራት አምስት ቀኑ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቀደም እያልክ ተነሳ፤ መኝታህንም በዚያው ልክ አስጠጋ። ወር ገደማ ይፈጃል። አትቸኩል። በዚህ መሀል እንቅልፍህ ከሰባት ሰዓት በታች እየወረደ ከሄደ ቆም በል። ሰዓቱን ለማስተካከል ብሎ እንቅልፍን መቁረጥ ላንተ አይሆንም።

እንደተነሳህ ወደ ውጭ ውጣ። ዳቦ ግዛ፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ዙር። የሰውነትን ሰዓት ከምንም በላይ የሚያስተካክለው የጠዋት ብርሃን ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ታድለናል፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትወጣለች። ውጭ አገር ለዚህ የሚሸጠውን ኃይለኛ መብራት ግን ሐኪምህን ሳታማክር እንዳትሞክረው። ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል።

ማታውን ደግሞ ማጨለም ነው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ማኒያ ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ከመድኃኒታቸው ጋር ብርቱካናማ መነጽር አድርገውላቸው ነበር። መነጽሩ ሰማያዊውን ብርሃን ይከለክላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ለሰባት ቀን። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፤ መነጽሩን ያደረጉት ሰዎች ማኒያ በግልጽ ቀንሷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነበር፣ ስለዚህ መነጽር ብቻውን ያድናል አልልህም። የሚያሳየው ነገር ግን ቀላል አይደለም። አንተ ሌሊቱን ሙሉ ፊትህ ላይ ሁለት ስክሪን አብርተህ፣ ከላይ ነጭ አምፖል ለኩሰህ ነው የምትሠራው። ለአንጎልህ ገና ቀን ነው።

ሥራውን ከፋፍለው። የቀለም ማስተካከሉ ደማቅ ስክሪን ስለሚፈልግ ከሰዓት በኋላ ሥራው። ሌሊት ላይ ቆረጣውንና ድምፁን ሥራ፣ ስክሪኑን አደብዝዘህ። ነጩን አምፖል በቢጫ ቀይረው። የሌሊት ጥቅሉን በተመለከተ፣ ፋይሉ ሲጫን አንተ አጠገቡ ቁጭ ማለት የለብህም። ኤክስፖርቱንም አፕሎዱንም አስጀምረህ ተኛ። የቅዳሴው ድምፅ ወይም አዛኑ ንጋት ላይ የሚቀሰቅስህ ከሆነ ፋርማሲ ሄደህ የጆሮ መድፈኛ ግዛ፤ ወፍራም መጋረጃም አያስፈልግህም አልልም።

ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅርብህ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ ከእናትህ ጋር ሦስቱንም ዙር ጠጥተህ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢልህ አይግረምህ። አጫውታቸው፣ ቁርሱን ብላ፣ ስኒውን እለፈው። ስለ ጫት አልጻፍክም። የምትቅም ከሆነ ግን ተወው። እንቅልፍ ያሳጣል፣ ምርቃናው ስሜትን ያጦዛል፣ ከዚያ ለጨብሲ የሚጠጣው መጠጥ ደግሞ ከመድኃኒትህ ጋር አይስማማም። እዚህ ላይ ለድርድር የሚሆን ነገር አይታየኝም።

አሁን ደግሞ ይህን ክፍል ለእናትህ አንብብላቸው።

እናታችን፣ ልጅዎን ያሳከሙት፣ ያጡትን ብር ይቅር ብለው ያቀፉት እርስዎ ነዎት። ጠዋት 12 ሰዓት መጋረጃ የሚከፍቱት በክፋት እንዳልሆነም አውቃለሁ። ግን በ12 ሰዓት ሲቀሰቅሱት የተኛው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህ ለሕመሙ አይበጅም። ልጅዎ እስከ ረፋድ ሲተኛ አይስጉ። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ንጋት ላይ ቤቱን ሲወለውል፣ ቁርስ ሠርቶ ሲጠብቅዎት፣ ሲያወራ ቃላቱ ሲቀዳደሙ፣ ስለ አዲስ ቢዝነስ ሲያጫውትዎት፣ ደግሞም ድካም የሚባል ፊቱ ላይ ከሌለ፣ «ተመስገን፣ ልጄ በረታ» ብለው አይለፉት። ያኔ ነው ሐኪሙ ጋ የሚደወለው።

ወንድሜ፣ መቼ እንደሚደወል ዛሬ፣ ደህና ሳለህ፣ ከእናትህ ጋር ተስማሙ። እኔ የምለው፦ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከአምስት ሰዓት ያነሰ ተኝተህ ካልደከመህ፣ በዚያው ቀን ይደወል። ሐኪምህ ሌላ ልክ ሊሰጥህ ይችላል። ያኔ የኤቲኤም ካርድህንም ለእናትህ ትሰጣለህ። ማኒያው ከጀመረ በኋላ «ደህና ነኝ፣ ምን ሆናችሁ?» ማለትህ አይቀርም፤ ስምምነቱ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። በወረቀት ጻፉትና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። በተቃራኒው ደግሞ ለቀናት አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኝተህም መነሳት ካቃተህ፣ ሥራው ካስጠላህ፣ ድባቴ እየመጣ ሊሆን ይችላልና እሱንም ተናገር። መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ይህን የምታነቡና ሐኪም የሌላችሁ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአማኑኤል ሌላ ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ።

የፋሲካ ሌሊት የምታስቀድስ ከሆነ አትፍራ። የሚያልቀው አንተ አሁን በለመድከው የመኝታ ሰዓት ገደማ ነው። መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፣ በማግስቱ ሌሊት ግን ሌላ ምሽት አትጨምርበት።

የሠርጉ ሰሞን ግን ከባድ ነው። እንጀራህ ስለሆነ ተወው ልልህ አልችልም። የሚቻለው ንጋቱን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ሳሎኑንና የሙሽራውን ቤት ባልደረባህ ይቅረጽ፤ አንተ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከአዳራሹ ጀምር። ቅዳሜ ከቀረጽክ የእሑዱ መልስ የሌላ ሰው ይሁን። በአንድ ሳምንት ከአንድ ሠርግ በላይ አትቀበል። ሰኞን ሙሉ ተኝቶ ማካካስም የለም፤ ሰኞ እስከ ማታ ከተኛህ ማክሰኞ ሌሊት አይወስድህም፣ ሳምንቱ በሙሉ ይዛባል። ግፋ ቢል አንድ ሰዓት አርፍድ። ገቢህ ይቀንሳል፣ አውቃለሁ። ያንን ከደንበኛ ጋር ሳትዋዋል፣ ቀብድ ሳትቀበል፣ ከአሁኑ አስላው።

እስከ መጋቢት ድረስ በየቀኑ ደብተር ላይ ሁለት ቁጥር ጻፍ፦ የተኛህበትና የተነሳህበት። ሠርግ የነበረበትን ቀን ክበበው። ለቀጠሮው ደብተሩን፣ የዚያን የጥር ወር የፋይል ቀኖችና ሦስት ጥያቄ ይዘህ ግባ። ኦላንዛፒኑን ከእራት ጋር ልውሰደው? ከ7 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት መተኛት ለእኔ ይበቃል? አንድ ሌሊት ሳልተኛ ካደርኩ በማግስቱ ምን ላድርግ? የመጨረሻውን መልስ እዚያው ፊቱ ጻፈው፤ እናትህም አብረውህ ቢገቡ ጥሩ ነው።